የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ቦምብ ሲያዘንቡ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለውን እንዴት እናጣራ?

ቅዳሜ ማታ ነው። ስልካችሁ ላይ ሰበር ዜና ብቅ ይላል። አሜሪካ የሆነ አገር ደብድባለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ይንጫጫል። አንዱ «ፕሬዝዳንቱ ጠቅላይ አዛዥ ነው፣ የፈለገውን ያደርጋል» ይላል። ሌላው «ያለ ኮንግረስ ፈቃድ አንዲት ጥይት መተኮስ አይችልም» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ «ልጆቻችንን በግዳጅ ሊያዘምቱብን ነው» የሚል የድምፅ መልእክት ከየት እንዳመጣው ሳይናገር ያስተላልፋል።

ሦስቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ቨርጂኒያ የምኖር፣ ግብር የምከፍል፣ ዜና ማየት የማልተው ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ማታ በመጣ ቁጥር ግን ከጩኸቱ ወጣ ብዬ የማጣራቸው ነገሮች አሉ። ሁሌም ያው ናቸው። እነሱን ላሳያችሁ። ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ነገርን ከሥሩ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የጦርነትን ሥልጣን ለሁለት ነው የከፈለው። አንቀጽ 1 ክፍል 8 ጦርነት የማወጅ፣ ሠራዊት የማቋቋምና ገንዘቡን የመመደብ ሥልጣን ለኮንግረስ፣ ማለትም ለተወካዮች ምክር ቤትና ለሴኔት፣ ይሰጣል። ለምድር ጦር የሚመደብ ገንዘብ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይሆንም ይከለክላል። ይቺን ያዟት፣ ኋላ ትጠቅመናለች። አንቀጽ 2 ክፍል 2 ደግሞ ፕሬዝዳንቱን የጦር ኃይሉ ጠቅላይ አዛዥ ያደርጋቸዋል።

ሁለቱ የት ላይ ነው የሚለያዩት? መልሱን ለማግኘት ሕገ መንግሥቱ ወደተረቀቀበት ወደ ፊላደልፊያ፣ ወደ ኦገስት 17 ቀን 1787 መሄድ ነው። ረቂቁ ኮንግረስ ጦርነት «ያካሂዳል» ይል ነበር። ጄምስ ማዲሰንና ኤልብሪጅ ጌሪ ቃሉ «ያውጃል» በሚለው ይተካ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ጠላት ድንገት ቢመጣ ፕሬዝዳንቱ ጉባኤ እስኪጠራ ሳይጠብቁ መመከት እንዲችሉ ነው። ስለዚህ በአጭሩ መመከት የፕሬዝዳንቱ፣ መጀመር የኮንግረስ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ከአገር ቤቱ ጋር አታምታቱት። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው፣ ፕሬዝዳንቱ አይደሉም። የጦርነት አዋጁን የሚያወጣው ደግሞ፣ በአንቀጽ 55 መሠረት፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ ሲያቀርብለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ግሩፑ ውስጥ ይህንንም ያንንም አንድ ላይ የሚያቦካ ሰው አይጠፋም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። «አሜሪካ ጦርነት አወጀች» የሚል ርዕስ ካያችሁ በጥርጣሬ እዩት። ኮንግረስ በታሪኩ ሁሉ ጦርነት ያወጀው 11 ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም በአምስት ጦርነቶች ውስጥ። የመጨረሻው በጁን 1942፣ በቡልጋሪያ፣ በሃንጋሪና በሩማኒያ ላይ የወጣው ነው። ኮሪያ አልታወጀም። ቬትናም አልታወጀም። አፍጋኒስታንም ኢራቅም አልታወጁም።

ሁለተኛው መሠረት የ1973ቱ የጦርነት ሥልጣን ሕግ ነው። ቬትናም የወለደችው ሕግ ነው። ኮንግረስ በኦገስት 1964 ለፕሬዝዳንት ጆንሰን ልቅ የሆነ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፣ በሴኔት የተቃወሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ነገሩ ግማሽ ሚሊዮን ወታደር ድረስ ሄደ። ኒክሰን ሲመጡ ደግሞ ካምቦዲያን በሚስጥር ማስደብደብ ጀመሩ። ኮንግረሱ በኋላ ነቃ፣ ሕጉን አወጣ፣ ኒክሰን ሻሩት፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1973 ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሽረቱን መልሰው ሻሩት። በተወካዮች ምክር ቤት 284 ለ135፣ በሴኔት 75 ለ18። ከዚህ በታች የማነሳው አብዛኛው ነገር ከዚህ ሕግ የመጣ ነው።

መጀመሪያ፦ ማን ማንን ነካ?

ዜናውን ስትሰሙ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን። የ1973ቱ ሕግ ፕሬዝዳንቱ ሠራዊት ወደ ውጊያ የሚያስገቡበትን ሦስት በር ብቻ ነው የሚጠቅሰው፤ የጦርነት አዋጅ፣ ከኮንግረስ የተሰጠ ግልጽ ፈቃድ፣ ወይም በአሜሪካ ምድር፣ በግዛቶቿ ወይም በጦር ኃይሏ ላይ ጥቃት ደርሶ የተፈጠረ አስቸኳይ ሁኔታ።

ጥቃት ደርሶ ከሆነ ክርክሩ ያጥራል። በ1941 ጃፓን ፐርል ሃርበር የነበረውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል እሑድ መታች፣ ሰኞ ኮንግረስ ጦርነት አወጀ። በዚያ ቀን እንኳን አንዲት ሴት፣ የሞንታናዋ ጃኔት ራንኪን፣ አልስማማም ብለዋል። 388 ለ1።

ጥቃት ካልደረሰ ግን የፕሬዝዳንቱ ሰዎች አራተኛ በር ይከፍታሉ። ይሄ በር ሕጉ ላይ የለም። በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው የሕግ አማካሪ ቢሮ የጻፋቸው አስተያየቶች ውስጥ ነው ያለው። እነዚህ ጠበቆች የሚሉት በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ድብደባው ለአገሪቱ ጠቃሚ ጥቅም ካስከበረ፣ በዓይነቱ፣ በስፋቱና በርዝመቱም «ጦርነት» የሚባለው ደረጃ ላይ የማይደርስ ከሆነ፣ ፕሬዝዳንቱ ኮንግረስን መጠየቅ አያስፈልጋቸውም። በ2011 ለሊቢያ ይህን ጻፉ። በ2018 ሶሪያ ስትመታም ደገሙት። አንዱ ለዴሞክራት፣ አንዱ ለሪፐብሊካን ፕሬዝዳንት ነው የተጻፈው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ «የእኛ ፓርቲ እንዲህ አያደርግም» የሚላችሁን ሰው ብዙ አትስሙት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያደርገዋል።

መስፈርቱን ልብ ብላችሁ እዩት እንጂ። «ጠቃሚ ጥቅም» ያልሆነ ምን አለ? «አጭር ነው» የሚባለውስ የሚባለው መቼ ነው? ገና ሳይጀመር! ለጀማሪው የማያልቅ ጦርነት የትም አገር የለም፣ ሁሉም ሲጀመር አጭር ነው።

ቀጥሎ ፈቃዱን ፈልጉ፣ ስታገኙትም ቀኑን እዩ

መግለጫው ላይ «በ2001 ፈቃድ መሠረት» የሚል ነገር ካለ ይህን እወቁ። ሴፕቴምበር 11 በደረሰ በሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 የተፈረመ ሕግ ነው። ዋናው ዓረፍተ ነገሩ በእንግሊዝኛው 60 ቃል ብቻ ነው። ጥቃቱን ያቀዱትን፣ የፈቀዱትን፣ የፈጸሙትን ወይም የረዱትን፣ እነሱን ያስጠጉትንም ጨምሮ፣ በኃይል መምታትን ይፈቅዳል። የአገር ስም የለበትም። የጊዜ ገደብ የለበትም። በተወካዮች ምክር ቤት የተቃወሙት አንድ ሰው፣ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ብቻ ናቸው። ያን ጊዜ ስድብና ዛቻ ወረደባቸው። ዛሬ ብዙዎች ልክ ነበሩ ይላሉ።

ምክንያቱም ፈቃዱ ተለጠጠ። «ተባባሪ ኃይሎች» የሚል ቃል መጣ፣ እሱ ደግሞ ሕጉ ውስጥ የለም። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ልስጣችሁ። አልሸባብ በ2001 በዚህ ስሙ የሚታወቅ ድርጅት አልነበረም። በ2016 ግን የአሜሪካ መንግሥት አልሸባብ በጠቅላላው በዚያ ፈቃድ ሥር ይወድቃል አለ። ሶማሊያ ውስጥ የሚወርደው የድሮን ቦምብ በሕግ ዓይን የተፈቀደው ኒው ዮርክ ላይ በደረሰው ጥቃት ነው ማለት ነው። አልሸባብ ይመታ አይመታ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እኔም የምሟገትለት የለኝም። ጥያቄው ማን ፈቀደ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ሲጠቀስ ሁለት ነገር አጣሩ። መቼ ወጣ? የሚመታውን አካልስ ይጠቅሳል? የ2002ቱ የኢራቅ ፈቃድ ስለ ሳዳም ሁሴን ኢራቅ ነበር። በጃንዋሪ 2020 የኢራኑ ጄኔራል ቃሲም ሱሌይማኒ ባግዳድ ላይ ሲገደሉ ግን የትራምፕ አስተዳደር ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ያው ፈቃድ ነበር። ሳዳም ከተሰቀሉ 13 ዓመት አልፏቸዋል።

ደግሞ «የተባበሩት መንግሥታት ፈቅዷል» ወይም «ኔቶ ወስኗል» የሚል መልስ ይመጣል። የአሜሪካን ሕግ በተመለከተ ይህ አይበቃም። የ1973ቱ ሕግ ክፍል 8 ከየትኛውም ውል ወይም ከበጀት አዋጅ ውስጥ የጦርነት ፈቃድ ተጎትቶ አይወጣም ይላል፣ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር። ይህ ሐረግ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1950 ትሩማን ኮንግረስን ሳይጠይቁ ኮሪያ ገቡ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ይበቃኛል ብለው። ያ የቃኘው ሻለቃ ጦር የዘመተበት ጦርነት ነው። አያቶቻችን ቡሳን ወደብ ሲወርዱ፣ በ1951፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሰዎች ይህ ጦርነት ነው ወይስ «የፖሊስ ዘመቻ» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ትሩማን ጦርነት አይደለም ነበር የሚሉት። በመጨረሻ ከ36 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሞቱ።

ሰዓቱን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ተራ ሰው በራሱ ሊያጣራው የሚችለው ዋናው ነገር ይህ ነው። ቀን መቁጠር ማንም ይችላል።

ፕሬዝዳንቱ ሠራዊት ወደ ውጊያ ካስገቡ፣ ወይም ውጊያ ሊፈነዳ ወደተቃረበበት ቦታ ከላኩ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ደብዳቤው ለተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤና ለሴኔቱ ተጠባባቂ ፕሬዝዳንት ይላካል። ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው፣ ለሕዝብም ይወጣል። ከዚያ የ60 ቀን ሰዓት ይጀምራል። ኮንግረስ በ60 ቀን ውስጥ ካልፈቀደ ሠራዊቱ መውጣት አለበት። ወታደሮቹን በሰላም ለማስወጣት የግድ ከሆነ ብቻ 30 ቀን ይጨመራል። ይቺ 30 ለመውጫ ናት፣ ለመዋጊያ አይደለችም። ዜና ላይ «90 ቀን አላቸው» ሲባል የምሰማው ነገር ያናድደኛል።

ሰዎች የሚስቱት ሌላም አለ። 60 ቀኑ ፕሬዝዳንቱ እንደፈለጉ የሚተኩሱበት ነጻ ኩፖን አይደለም። ሕጉ ራሱ በዚያው በክፍል 8 ለፕሬዝዳንቱ ከዚህ በፊት ያልነበራቸውን ሥልጣን አልሰጠሁም ይላል። መጀመሪያውኑ መግባት ያልነበረባቸው ከሆነ 60 ቀኑ አያድናቸውም።

ደብዳቤው ሲወጣ እንዴት ይነበባል? መጀመሪያ ሥልጣኑን ከየት አመጣሁ እንዳሉ እዩ። «በሕገ መንግሥቱ በተሰጠኝ የጠቅላይ አዛዥነት ሥልጣን» ብቻ ካለ፣ ከኮንግረስ ፈቃድ የለኝም ማለታቸው ነው። ቀጥሎ አንዲት የተለመደች ሐረግ ፈልጉ። ደብዳቤዎቹ «በጦርነት ሥልጣን ሕጉ መሠረት» አይሉም። «ከጦርነት ሥልጣን ሕጉ ጋር በሚጣጣም መልኩ» ነው የሚሉት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያው ሕጉ ይገዛኛል ማለት ነው። ሁለተኛው ሕጉ አይገዛኝም፣ ግን ለጨዋነት ያህል አሳውቄያችኋለሁ ማለት ነው። ከ1973 ወዲህ ያሉ ፕሬዝዳንቶች በሙሉ ለማለት ይቻላል በሁለተኛው መንገድ ነው የሄዱት። 60 ቀኑን የሚያስጀምረውን ንዑስ ክፍል በስም የጠቀሰ ደብዳቤ የላኩት ጄራልድ ፎርድ ብቻ ናቸው፣ በሜይ 1975፣ ካምቦዲያ ማያጌዝ የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ በያዘች ጊዜ። ደብዳቤው ሲደርስ ግን ዘመቻው አልቆ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሰዓቱ ግን ፕሬዝዳንቱ ሐረጉን ስላልጻፉ አይቆምም። ሕጉ ደብዳቤው ከቀረበበት ወይም መቅረብ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል ነው የሚለው፣ ከሁለቱ ከቀደመው። ስለዚህ ድብደባው በተሰማ ማግስት የስልካችሁን ካሌንደር ክፈቱና ሁለት ቀን ጨምሩ፣ ከዚያ 60 ቁጠሩ፣ ማስታወሻ አስቀምጡ። ኔቶ ዩጎዝላቪያን በደበደበበት በኮሶቮ ጦርነት ጊዜ ይህን ብታደርጉ ኖሮ ምን ታዩ ነበር? ድብደባው ማርች 24 ቀን 1999 ተጀመረ፣ ጁን 10 ቆመ። 78 ቀን። 60ው አልፏል፣ ኮንግረስ አልፈቀደም። እንዲያውም የተወካዮች ምክር ቤት የአየር ዘመቻውን ደግፉ ሲባል ድምፁ 213 ለ213 እኩል ወጣ። እኩል ማለት አልተፈቀደም ማለት ነው። ቦምቡ ግን ቀጠለ። የክሊንተን ጠበቆች ኮንግረስ ለዘመቻው ገንዘብ ስለመደበ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል አሉ። ቅድም ያልኳችሁ ክፍል 8 እንዲህ አይቆጠርም ነበር የሚለው።

«ይህ ውጊያ አይደለም»

ከሁሉም የገረመኝ ግን የሊቢያው ነው።

ማርች 19 ቀን 2011 ሚሳኤሉ መውረድ ጀመረ። ኦባማ ማርች 21 ደብዳቤ ላኩ። 60ኛው ቀን ሜይ 20 ነበር። ያ ቀን መጣ፣ ሄደ፣ አውሮፕላኖቹ እየበረሩ ነው። ኮንግረስ ሲያፋጥጣቸው የመጣው መልስ፦ ሕጉ የሚናገረው ስለ «ውጊያ» ነው፣ እኛ ደግሞ ውጊያ ላይ አይደለንም። እንዴት? እግረኛ ጦር የለንም፣ ተኩስ አንለዋወጥም፣ አሜሪካዊ አልሞተም፣ ሌሎችን እየረዳን ነው፣ የመስፋፋት አደጋው ትንሽ ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሕግ አማካሪ ሃሮልድ ኮህ ጁን 28 ሴኔት ፊት ቀርበው ይህንኑ ሙግት አስረዱ። የመከላከያና የፍትሕ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ጠበቆች በዚህ እንዳልተስማሙ ጋዜጦች ጽፈዋል፤ ፕሬዝዳንቱ የሚስማማቸውን አስተያየት መረጡ።

እስቲ ትሪፖሊ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ውጊያ አይደለም በሉት።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ጥሩ ነበር። በር አንዴ ከተከፈተ ግን ሌላውም ይገባበታል። በሴፕቴምበር 2025 የትራምፕ አስተዳደር በካሪቢያን ባሕር ላይ ዕፅ ጫኑ ያላቸውን ጀልባዎች መምታት ሲጀምር፣ 60ው ቀን ሲሞላ የወጣው መከራከሪያ ከዚያኛው ጋር ወንድማማች ነው፤ ወታደሮቻችን አደጋ ላይ ስላልሆኑ ይህ ውጊያ አይባልም። እንደዚህ ከሆነ በድሮንና በሚሳኤል ብቻ የሚካሄድ ጦርነት ምንም ያህል ሰው ቢያልቅበት ሕጉ አይነካውም ማለት ነው። ሕጉ «ውጊያ» የሚለውን ቃል አልተረጎመውም። ትልቁ ቀዳዳው እዚያ ላይ ነው። 60 ቀን ሲቃረብ መግለጫዎቹ ውስጥ «ዘመቻ»፣ «ድጋፍ»፣ «ራስን መከላከል» የሚሉ ቃላት ሲበዙ ካያችሁ ምን እየተሠራ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ኮንግረስ ድምፅ ሲሰጥ ምን እያየን ነው?

የ1973ቱ ሕግ ሲወጣ ኮንግረስ በራሱ ውሳኔ ብቻ፣ የፕሬዝዳንቱ ፊርማ ሳያስፈልግ፣ ጦር እንዲመለስ ማዘዝ ይችል ነበር። በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዲህ ያለ አሠራር ሕገ መንግሥታዊ አይደለም አለ። ጉዳዩ ስለ ጦርነት አልነበረም፣ ከአገር ሊባረር ስለነበረ የውጭ ተማሪ ነበር። ግን የጦርነት ሕጉን ጥርስ ያወለቀው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሳኔው ለፊርማ ወደ ፕሬዝዳንቱ ይሄዳል። ጦርነቱን የጀመሩት ሰው ጦርነቱን የሚያስቆመውን ወረቀት ይፈርሙ እንደማለት ነው። ካልፈረሙ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል።

ዜናው ላይ «ሴኔት የፕሬዝዳንቱን የጦርነት ሥልጣን ገደበ» የሚል ስታዩ ወዲያው አትደሰቱ፣ ወይም አትናደዱ፣ እንደየአቋማችሁ። ሦስት ደረጃ አለው። አንዱ ምክር ቤት ማሳለፉ፣ ሁለተኛው ማሳለፉ፣ ከዚያ ሽረት መምጣቱ። በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ምክር ቤቶች በዚህ ሕግ መሠረት አሜሪካ ከየመን ጦርነት ትውጣ አሉ፤ ሴኔት 54 ለ46፣ ተወካዮች ምክር ቤት 247 ለ175። ትራምፕ ሻሩት። በ2020 ስለ ኢራንም እንዲሁ፣ ሴኔት 55 ለ45 አሳለፈ፣ ተወካዮች ምክር ቤቱም ተስማማ፣ ትራምፕ ሻሩት። በጁን 2025 ፎርዶ፣ ናታንዝና ኢስፋሃን ያሉት የኢራን የኑክሌር ጣቢያዎች ከተመቱ በኋላ የቀረበው ደግሞ ሴኔት ውስጥ 47 ለ53 ወደቀ።

አንድ የሚጠቅም ነገር ግን አለ። እንዲህ ያለው ውሳኔ ሴኔት ውስጥ ቅድሚያ ያገኛል። ኮሚቴ ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም፣ እንደሌላው ሕግ 60 ድምፅም አይጠይቅም፣ ተራ ብልጫ ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ሴናተር ብቻውን መቶውንም ሰው በስም እያስጠራ ድምፅ ሊያሰጥ ይችላል። ከላይ ያነሳኋቸውን ሁለቱን የኢራን ውሳኔዎች ያቀረቡት የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን ናቸው። አሌክሳንድሪያ ወይም ፎልስ ቸርች የምትኖሩ ሰዎች፣ የእናንተው ሴናተር ናቸው።

ተሽሮ ከቀረ ምን ፋይዳ አለው ትሉ ይሆናል። አንዳንዴ አለው። የየመኑ ግፊት በበረታበት በኖቬምበር 2018፣ ሽረቱም ድምፁም ገና ሳይመጣ፣ አሜሪካ ለሳዑዲ የጦር አውሮፕላኖች አየር ላይ ነዳጅ መሙላት አቆመች።

ገንዘቡ፣ ማለትም እውነተኛው ልጓም

ያዟት ያልኳችሁ የሁለት ዓመቷ የገንዘብ ነገር እዚህ ትመጣለች። ፕሬዝዳንቱ ቃል መተርጎም ይችላሉ። ገንዘብ ግን መፈልፈል አይችሉም። ኮንግረስ «ለዚህ ዘመቻ ከዚህ ቀን በኋላ አንድ ሳንቲም አይወጣም» ብሎ በጀቱ ላይ ከጻፈ ክርክር የለም።

ይህን በደንብ ያየነው በራሳችን ሰፈር ነው። ኦክቶበር 1993 ሞቃዲሾ ላይ በአንድ ውጊያ 18 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። የአንዱ ሬሳ መንገድ ላይ ሲጎተት በቴሌቪዥን ታየ። ኮንግረስ በሳምንታት ውስጥ የመከላከያ በጀቱ ላይ ገደብ ጻፈ፤ ከማርች 31 ቀን 1994 በኋላ ሶማሊያ ላለው ዘመቻ ገንዘብ የለም። ጦሩ ወጣ። ኢንዶቻይናም ላይ እንዲሁ ነበር፣ የካምቦዲያ ድብደባ የቆመው የገንዘቡ ቀነ ገደብ ኦገስት 15 ቀን 1973 ስለደረሰ ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አያደርጉትም? ወታደሩ ሜዳ ላይ እያለ ስንቅ ከለከልክ መባልን ማንም ፖለቲከኛ አይፈልግም። ለዚህ ነው አብዛኛው የኮንግረስ አባል ጦርነቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ቴሌቪዥን ላይ ሲጮህ ውሎ የመከላከያ በጀቱን ማታ የሚያጸድቀው። የአንዱን ሰው እውነተኛ አቋም ማወቅ ከፈለጋችሁ ንግግሩን ትታችሁ የበጀት ድምፁን እዩ። ኮንግረስ ዶት ጎቭ ላይ ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በስም ይገኛል።

ፍርድ ቤቱስ?

አትጠብቁት። በኮሶቮ ጊዜ የኮንግረስ አባላት ራሳቸው ክሊንተንን ከሰው በ2000 ይግባኝ ሰሚው ውድቅ አደረገው፣ መክሰስ አትችሉም፣ ሥልጣኑ በእጃችሁ ነው ተጠቀሙበት ብሎ በግርድፉ። በሊቢያም ተመሳሳይ ነበር። በ1952 ትሩማን የኮሪያን ጦርነት ሰበብ አድርገው የብረት ፋብሪካዎችን ሲወርሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 አስቁሟቸዋል፣ ግን ያ አገር ውስጥ ንብረት ነው። ውጭ አገር ቦምብ ሲወድቅ ዳኞቹ ዞር ይላሉ።

የግዳጅ ውትድርናው ወሬ

ይህችን ቶሎ ልዝጋት። ፕሬዝዳንቱ ብቻቸውን ማንንም በግዳጅ ማዝመት አይችሉም። የግዳጅ ምልመላው ሥልጣን በ1973 አብቅቷል፣ እንደገና ለመጀመር ኮንግረስ አዲስ ሕግ ማውጣት አለበት። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወንዶች ሰሌክቲቭ ሰርቪስ የሚባለው መዝገብ ላይ መግባት አለባቸው፣ ግሪን ካርድ ያላቸውም ጭምር። መመዝገብ ግን መዝመት አይደለም። የድምፅ መልእክቱን አጥፉት።

ስልኩን አንሱ

የኮንግረሱ ማዞሪያ ቁጥር 202 224 3121 ነው። የምትኖሩበትን ስቴት ትነግሯቸውና ወደ ሴናተራችሁ ወይም ወደ ተወካያችሁ ቢሮ ያገናኟችኋል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የምትኖሩ ሰዎች ሴናተር የላችሁም፣ ተወካዩም በመጨረሻው ውሳኔ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህታችሁ ትደውል።

የምታነሳው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ተለማማጅ ናት። ዜግነት አትጠይቅም፣ ስምና ዚፕ ኮድ ነው የምትጠይቀው። እንግሊዝኛዬ አይመችም ብላችሁ አትፍሩ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ሰላም አልፈልግም ያለ የለም» ዓይነት ንግግር አታድርጉ፣ እሷ የምትጽፈው ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ የሚለውን ብቻ ነው። የውሳኔውን ቁጥር ከኮንግረስ ዶት ጎቭ ላይ አውጡና «ይህን ይደግፉልኝ» ወይም «ይህን ይቃወሙልኝ» በሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «60ው ቀን መቼ ነው የሚያልቀው ብለው ነው ሴናተሩ የሚቆጥሩት?» አንዴ ይህን ጠይቄ ልጅቷ ሦስት ደቂቃ መስመር ላይ አቆይታኝ ተመለሰችና «እናጣራለን» አለችኝ። እኔ ካሌንደሬ ላይ ነበር፣ ነገርኳት።